ሲሞቅ የሚለግም መኪና

ልግመኛ በሬ ያጋጠመው ገበሬ ነገሩን ያውቀዋል። ጧት በብርዱ ሲጠመድ ደህና ይስባል። ፀሐይ ከፍ ስትልና ሰውነቱ ሲሞቅ ግን ትልም መሐል ላይ ቀጥ ይላል። ቢመቱት አይሄድም፤ ቢያባብሉት አይሄድም። ጥላ ሥር ጥቂት ካረፈ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተነስቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጠባይ ያላቸው መኪናዎችም አሉ፤ በተለይ አሮጌዎቹ።

እዚህ የምንናገረው ስለ አንድ አሮጌ ቮልስዋገን ነው። ሕዝቡ አሳጥሮ ቮልስ ይለዋል። ጀርባው እንደ ኤሊ የጎበጠ፣ ሞተሩ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ያለ ትንሽ መኪና ነው። ይህ ዓይነት መኪና በጀርመን አገር ተጀምሮ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የመጨረሻው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ ወጣና ሥራው ቆመ። በአገራችን ግን እየተጠገነ ዛሬም ሲሄድ ይታያል።

የዚህኛው ባለቤት ደብረ ብርሃን የሚኖር መምህር ነው። አንድ ቀን ከቆላው፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል ስንመለስ እኛም ከውስጥ ነበርን። በመንገድ ላይ ሰዎች እጃቸውን አውለብልበው አስቆሙን። ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች። አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዷል ተባለ። ሴትየዋን ከእናቷ ጋር አሳፍረን ዳገቱን ተያያዝነው። ደብረ ሲና ስንደርስ እናቲቱ «ለልጄ ውኃ ላምጣላት» ብላ ወረደች። መምህሩም ሞተሩን አጠፋ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆየን። ከዚያ ቁልፉን ሲያዞር መኪናው ሸክም እንደበዛበት ሰው አንዴ አቃሰተ፣ ሁለተኛ አቃሰተ፣ ዝም አለ።

ደብረ ሲና ቁልቁለት ስለሆነ ገበያ ውስጥ የነበሩ ጎረምሶች መኪናውን ወደ ታች አዙረው ገፉልን። በግፊ ተነሳ። መምህሩ ከዚያ በኋላ የጣርማበርን ዳገት ወጥተን፣ ዋሻውን አልፈን፣ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሞተሩን አላጠፋም። ሴትየዋም በሰላም ተገላገለች። ያ ቁልቁለት ባይኖር ምን እንሆን ነበር እያልን ብዙ ጊዜ አውርተናል።

መምህሩ በማግስቱ አዲስ ባትሪ ገዛ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነ። ጋራዥ ወሰደው። እዚያ አድሮ ጧት ሲሞክሩት በአንድ ቁልፍ ብድግ አለ። «ይሄ መኪና ምንም የለበትም» አሉት። እንደገና መንገድ ላይ ለገመበት። አሁን ደግሞ «ሞተሪኖው ነው» ተባለና አዲስ ሞተሪኖ ገዛ። ያው ነው! የሁለት ወር ደመወዙ አለቀ፤ መኪናው ግን ሲሞቅ መለገሙን አልተወም።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በብርድ ጊዜ የሞተር ዘይት እንደ ማር ይወፍራል፤ ባትሪም በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ መኪና ማስቸገር ያለበት ጧት በውርጩ ነበር። ይህ መኪና ግን በውርጩ ይነሳል፤ ዘይቱ ቀጥኖ ሥራው ሊቀልለት ሲገባ እምቢ ይላል። ለምን? ነገሩን ለመረዳት መኪና እንዴት እንደሚነሳ አስቀድመን እንመልከት።

አንዳንድ የናፍጣ ወፍጮ በእጅ ተዘውሮ ሲነሳ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ባለ ወፍጮው ማኖቬላ የሚሉትን የብረት እጀታ ይዞ በኃይል ያዞራል። ሞተሩ ጥቂት ከዞረ በኋላ በራሱ ጉልበት ይቀጥላል። ሞተር ማለት እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች ሌላ ኃይል ካላዞረው በራሱ አይጀምርም። የጥንት መኪናዎችም በእጅ ይነሱ ነበር። እጀታው ወደ ኋላ እየመታ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ያሻሻለው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 የካዲላክ መኪና ላይ ከተገጠመ ወዲህ ግን የክንዱን ሥራ ኤሌክትሪክ ተረከበው። ይህን ማስነሻ ነው ሞተሪኖ የምንለው። ትርጉሙም በጣሊያንኛ ትንሽ ሞተር ማለት ነው።

ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ኤሌክትሪክ ከባትሪው ተነስቶ በወፍራም ገመድ ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። በሞተሪኖው ውስጥ ብዙ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ኤሌክትሪኩ በዚያ ሽቦ ሲያልፍ ማግኔት ይፈጥራል፤ ማግኔቱ መሐል ያለውን ዘንግ ያሽከረክራል፤ የዘንጉ ጥርስም ትልቁን ሞተር ያዞራል። ሥራውን ጨርሶ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የሚመለሰው በገመድ ሳይሆን በራሱ በመኪናው ብረት በኩል ነው። መካኒኮች ይህን የመመለሻ መንገድ «ማሳ» ይሉታል። እናንተ የምታርሱት ማሳ አይደለም፤ ይህም ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። መሄጃ አለ፤ መመለሻም አለ። ከሁለቱ አንዱ ከተዘጋ ወይም ከጠበበ ሞተሪኖው ጉልበት ያጣል።

«መብራቱ ደህና ይበራል፤ ጥሩንባውም ይጮሃል፤ ስለዚህ መንገዱም ባትሪውም ደህና ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። መምህሩም እንዲህ ይል ነበር። ስሕተት ነው። የአንድ የፊት መብራት አምፖል የሚፈልገው ኤሌክትሪክ 4 አምፔር ያህል ነው። ሞተሪኖው ግን ትልቁን ሞተር ሲያዞር ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። የበረት በር ጠቦ አንድ ሰው በጎን ብቻ የሚያሳልፍ ቢሆን፣ ሰውየው «በሩ ክፍት ነው» ብሎ ይምላል። ከብቱ ሁሉ ተገፋፍቶ ሲመጣ ነው ጥበቱ የሚታወቀው። የዛገ ማያያዣም እንደዚህ ነው። ለአምፖሉ ይበቃል፤ ለሞተሪኖው አይበቃም።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንመለስ። መዳብ ሲሞቅ ኤሌክትሪክን እንደ ቀድሞው አያሳልፍም። 20 ዲግሪ የነበረ የመዳብ ሽቦ 100 ዲግሪ ቢደርስ ኤሌክትሪኩን የመከልከል ኃይሉ ወደ ሲሶ በሚጠጋ ይጨምራል። ሞተሪኖው የተጠመጠመው በመዳብ ነው፤ የተገጠመውም ከትልቁ ሞተር ጋር ተጣብቆ ነው። ቮልስ ደግሞ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው፤ ነፋሱን የሚያመጣለት ማራገቢያ የሚዞረው በራሱ በሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ማራገቢያውም ይቆማል። ያ ሁሉ ሙቀት መሄጃ ስለሚያጣ አጠገቡ ወዳለው ብረት ይዛመታል። እንጀራ ጋግራችሁ እሳቱን ካወጣችሁ በኋላ ምጣዱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚግል ታውቃላችሁ። ስለዚህ የሚያስቸግረው ሞተሩ በጠፋ ቅጽበት ሳይሆን አሥር፣ ሃያ ደቂቃ ከቆየ በኋላ ነው። ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ማለት ነው። ሙሉ ሰዓት ቢቀመጥ ደግሞ በርዶ ይነሳል።

ታዲያ ሁሉም ቮልስ ይሞቃል፤ ሁሉም ግን አይለግምም። አዲስ ሳለ ይህም መኪና ዳገት ወጥቶ፣ ሞቆ፣ ያለ ችግር ይነሳ ነበር። ፋብሪካው ሲሠራው ለሙቀቱ የሚበቃ ትርፍ ጉልበት ሰጥቶታል። በእርጅና የጠፋው ያ ትርፍ ነው። እዚህ ትንሽ ዝገት፣ እዚያ ትንሽ መላላት፣ እዚያ ደግሞ ትንሽ መበላት እየተጨማመሩ ትርፉን ይጨርሱታል። በብርድ ጊዜ ለጥቂት ይበቃዋል፤ ሙቀቱ የመጨረሻውን ሲወስድበት ያንሰዋል። እንግዲህ ሙቀቱን ማጥፋት አይቻልም። የሚፈለገው ትርፉ በየት በየት እንደሚፈስ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ጆሮን ሰጥቶ መስማት ይገባል። ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ እሳት አልነሳ ካለ፣ በሽታው የሞተሪኖ አይደለም፤ ከቤንዚኑ ወይም ከካንዴላው በኩል ነው። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ወይም ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ሌላ ነው። ቮልስ ቁልፉ ከፊት፣ ሞተሪኖው ከኋላ ስለሆነ፣ ሞተሪኖውን የሚያዘው ቀጭን ሽቦ የመኪናውን ርዝመት ያቋርጣል። በእርጅና ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ለዚህ ሪሌ የሚባል ትንሽ ዕቃ ከሞተሪኖው አጠገብ ይገጥሙለታልና ይድናል። የእኛው መኪና ግን እያቃሰተ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር። ስለ እሱ እንቀጥል።

መምህሩን የረዱት አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። መኪናውን ሲያመጣላቸው አልነኩትም። «በርዷል። ዳገት ወጥተህ፣ ወርደህ፣ አሙቀህ አምጣው፤ በሽተኛ የሚመረመረው ሲያመው ነው» አሉት። ከዚህ በፊት ያዩት ሁሉ ጧት በብርዱ ነበር የሞከሩት። ገንዘቡን የጨረሰው ይኸው ነው ብንል አልተጋነነም።

አሙቆ አመጣው፤ ሩብ ሰዓት አቆሙት። ማርሹን ባዶ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ይህ እንዳይረሳ። መኪና ማርሽ ውስጥ እያለ ሞተሪኖው ቢዞር መኪናው ዘሎ ሰው ይደፈጥጣል። ቀጥሎ ኮይል ከሚባለው፣ የካንዴላውን እሳት ከሚያበዛው ዕቃ ላይ ቀጭኗን የመመገቢያ ሽቦ ነቀሉ። ይህን ያደረጉት ሞተሩ እየዞረ እንዳይነሳባቸው ነው። ሌላም ጥቅም አለው። እሳቱ ያለ ጊዜው ቀድሞ የሚመታ ከሆነ ፒስቶኑን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ሞተሪኖው ይታገላል። ሽቦዋ ተነቅላ በቀላሉ ከዞረ፣ ጥፋቱ የእሳቱ ጊዜ ነው፤ እሱን ማስተካከል ብቻ ይበቃል። የእኛው ተነቅሎም ያው አቃሰተ።

ከዚያ የቮልት መለኪያ አወጡ። መምህሩ ቁልፉን ለጥቂት ሴኮንድ ያዞራል፤ እሳቸው ያነባሉ። ከአሥር ሴኮንድ በላይ አያስዞሩትም፤ በየመሐሉም ያሳርፉታል። አለዚያ ሞተሪኖው ራሱ ይቃጠላል።

መጀመሪያ የባትሪውን ሁለት ጉጦች ለኩ። የሞላ 12 ቮልት ባትሪ ሥራ ሳይጀምር 12.6 ያህል ያሳያል። ሞተሪኖው ሲዞር ዝቅ ይላል፤ ከ9 ቮልት ተኩል በታች ከወረደ ግን ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየሳበ ነው። ይህን ለመለየት ባትሪ መግዛት አያስፈልግም፤ ደህናውን ከሰው ተውሶ መሞከር ነው። ቀጥሎ የመሄጃውን መንገድ ለኩ፤ አንዱን የመለኪያ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ጉጥ ላይ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ላይ አድርገው። መንገዱ ጤነኛ ከሆነ የሚያሳየው ከግማሽ ቮልት አይበልጥም። ይኼ ደህና ነበር። በመጨረሻ መመለሻውን ለኩ፤ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጉጥ እስከ ሞተሪኖው አካል። እዚህ ላይ መለኪያው ሁለት ቮልት ሊሞላ ደረሰ!

የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ የተቀመጡት በጎማ ላይ ነው። ጎማ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ፋብሪካው እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የመዳብ ጥብጣብ ከካምቢዮው ወደ መኪናው አካል አገናኝቶበታል። መመለሻው እሱ ነው። መኪናው ሥር ገብተው ሲያዩት ጥብጣቡ በጭቃና በዘይት ተሸፍኗል፤ ጥቁርና አረንጓዴ ሆኗል፤ ከሽቦዎቹ ገሚሱ ተበጣጥሰዋል። መንገድ ያጣ ኤሌክትሪክ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንዳንዴ በነዳጅ መርገጫው ቀጭን ገመድ በኩል ሊመለስ ሲሞክር ገመዱ እስኪግል ድረስ ያሞቀዋል። አዲስ ባትሪና አዲስ ሞተሪኖ የተገዛው ይህ ጥብጣብ ሳይታይ ነው።

መለኪያ የሌለውስ? አንድ የቆየ ብልሃት አለ። ሞተሪኖው ጥቂት ከዞረ በኋላ ቁልፉን መልሶ፣ የገመዶቹን ማያያዣዎች በየተራ በጣት ጫፍ ነካ ማድረግ ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚሞቀው ማያያዣ እሱ ነው ጠባቡ በር። የጣሪያውን ትንሽ መብራት አብርቶ ማስዞርም ይጠቅማል። መብራቱ ክፉኛ ከፈዘዘ ወደ ባትሪው ወይም ብዙ ወደሚስበው ሞተሪኖ ያመለክታል። መብራቱ ሳይፈዝ ሞተሪኖው ቀስ ካለ ግን ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ ተይዟል።

ጽዳቱ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። የቮልስ ባትሪ ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር ኔጌቲቩ መጨረሻ ይሆናል። ባትሪ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ሲጋራም ሆነ ክብሪት እዚያ አይቀርብም። ውኃው አሲድ ነው፤ ዓይን ያጠፋል፤ ልብስ ይበሳል። ነጩና አረንጓዴው ሻጋታ መሳይ ነገር በሙቅ ውኃ ይታጠባል። ከዚያ ጉጦቹና መያዣዎቹ በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ ይፈገፈጋሉ፤ ጠብቀው ይታሰራሉ፤ ግራሶ ይቀባሉ። የባትሪው ክዳንም መመለስ አለበት። የመቀመጫው ሽቦ በሰው ክብደት ተጫጭኖ ጉጦቹን ቢነካ መኪናው በእሳት ይያያዛል። ይህን ክዳን ብዙ ሰው ጥሎታል።

ጥብጣቡ ከተለወጠ በኋላ መኪናው በጣም ተሻለው፤ ግን ሲሞቅ ትንሽ ይከብደው ነበር። መምህሩ «ይበቃኛል» አለ። ሽማግሌው ግን አልበቃቸውም። ሞተሪኖውን አወረዱና ባትሪ አብርተው ካምቢዮው ላይ ያለውን ቀዳዳ አዩ።

የቮልስ ሞተሪኖ ዘንግ አንደኛው ጫፉ የሚያርፈው በራሱ አካል ውስጥ አይደለም። ካምቢዮው ላይ በተተከለች ትንሽ የነሐስ ቀለበት ውስጥ ነው የሚዞረው። ቀለበቷን ቦኮላ ይሏታል። ሞተሪኖ ሲለወጥ ቦኮላዋ እዚያው ትቀራለች። አዲሱን ሞተሪኖ የገጠመለት ሰው አላያትም፤ ብዙዎችም አያዩአትም። ቦኮላ ስትበላ ዘንጉ ይዘምማል፤ ማግኔቱ ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፤ የሚዞረው ክፍል ከማይዞረው ጋር ይፋተጋል። ሞፈሩ የተላላበት ማረሻ ትልም እንደማይጠብቅ ሁሉ፣ ይኸም ጉልበቱን በመፋተግ ይጨርሰዋል። ብረት ደግሞ ሲሞቅ ስለሚያብጥ መፋተጉ በሙቀት ይብሳል። የመምህሩ ቦኮላ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆና ነበር። አሮጌዋን አውጥተው፣ አዲሲቷን ሞተር ዘይት ውስጥ አሳድረው በማግስቱ ተከሏት። ነሐሱ ዘይቱን መጥጦ ይይዛል፤ በኋላ ቀስ በቀስ ለዘንጉ ይሰጠዋል።

ጥብጣቧና ቦኮላዋ የፈጁት ገንዘብ፣ ለባትሪውና ለሞተሪኖው ከወጣው ጋር ሲነጻጸር ለመናገርም ያሳፍራል። የወረደውን አሮጌ ሞተሪኖ ሽማግሌው ፈታትተው አይተውት ኖሮ «ይሄማ ካርቦኑ ብቻ ነው ያለቀው፤ ለውጠው አስቀምጠው» ብለው መለሱለት።

ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ሲለግም ለሚያጋጥመው አንድ ነገር እንንገር። ጊዜ ካለ የኋላውን የሞተር ክዳን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ ነው። ጊዜ ከሌለ በግፊ ይነሳል። ቁልፉ ይከፈታል፤ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ይረገጣል፤ መኪናው ሰው ሲሮጥ ያህል ሲንከባለል ፍሪሲዮኑ በአንዴ ይለቀቃል። የሚገፋው ሰው ከኋላ ብቻ ይሁን፤ ከፊት ማንም አይቁም። ሞተሩ እንደተነሳም ሹፌሩ ቶሎ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ፍሬን ይያዝ።

ባለፈው ከመምህሩ ጋር ያንኑ ዳገት ወጣን። ደብረ ሲና ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቶ «ሻይ እንጠጣ» አለ። ሁለት ሁለት ብርጭቆ ጠጣን። ከዚያ ቀን ጎረምሶች አንዱ መኪናውን አውቆት ኖሮ ጓደኛውን ጠርቶ ሊገፋ ከኋላ ቆሞ ጠበቀ። መምህሩ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ፤ ልጁም እጁን ከክዳኑ ላይ አንስቶ ሳቀ።